ሬዲዮ የተናገረውን ማን ይዞታል? ለጅማ አድማጭ ስለማይከፈት መዝገብ

እንበል፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለ አንድ ባለሱቅ ስሙ በሬዲዮ ተነሣ። በቀጥታ ስልክ የገባ አድማጭ "እሱ ሰውዬ ሚዛን ያጭበረብራል" አለ። አዘጋጁ አመስግኖ ወደ ሙዚቃ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ወሬው ኮቺ ደርሷል። ባለሱቁ ግን ፕሮግራሙን አልሰማም፤ የነገረው ሰው ነው። አንዱ "ስምህን ከነአባትህ ጠርቶታል" ይለዋል። ሌላው "ኧረ የለም፣ ሰፈሩን ብቻ ነው የጠቀሰው" ይላል። ታዲያ ይሄ ሰው ለየትኛው ነው መልስ የሚሰጠው?

በሀገራችን የመገናኛ ብዙኃን ሕግ ስሙ የተነሣ ሰው ምላሽ የመስጠት መብት አለው። መልካም። ግን ምላሽ ለመስጠት መጀመሪያ የተባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ የወጣው በጋዜጣ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ጋዜጣውን ይገዛል፣ መስመሩን ያሰምርበታል፣ ይዞ ይሄዳል። በአየር ላይ የተባለ ነገር ግን ከተባለ በኋላ የሚቀረው ጣቢያው ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ነው። ጣቢያው ካልቀዳው ወይም ቀድቶ ካጠፋው፣ የቀረው የሰው ትዝታ ብቻ ነው። የሰው ትዝታ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ነው።

ስለዚህ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ምን መዝግበው መያዝ አለባቸው፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ማንስ ሊያየው ይችላል የሚለው ጥያቄ ለሕግ ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ በእኛ ሀገር መዝገቡ የሚያዘው በዋናነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ ለማቅረብ ነው። ለአድማጩም እንዲከፈት ሆኖ መያዝ አለበት። የጅማ ጣቢያዎች ደግሞ ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።

ጅማ ሬዲዮ የሚሰማባት ከተማ ናት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ሬዲዮ አለ። የፋና ቅርንጫፍ ጣቢያ አለ። ከክልልና ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ይሰማል። ባጃጅ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ቡና የሚለቀምበት መጋዘን፣ ሁሉም ጋ ተከፍቶ ታገኙታላችሁ። ሰዉ አፋን ኦሮሞውንም አማርኛውንም እያቀያየረ ያዳምጣል። የቡና ዋጋ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የጅማ አባ ጅፋር ውጤት፣ የመብራት ነገር፣ ብዙው ወሬ የሚጀምረው "በሬዲዮ ተባለ" ተብሎ ነው። ይህን ያህል ክብደት ያለው ንግግር በማግስቱ መልሶ ሊሰማ አለመቻሉ ይከነክነኛል።

ሕጋችን በነገሩ ላይ ዝም አላለም። የመጀመሪያው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 በ1991 ዓ.ም. ወጣ። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 533/1999 መጣ። አሁን የሚሠራበት የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው፤ እሱም በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ድሮ የብሮድካስት ባለሥልጣን እንለው የነበረው መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ይባላል። ጣቢያዎች ፈቃድ ሲያወጡና ሲያሳድሱ ባለቤታቸው ማን እንደሆነ፣ ገንዘባቸው ከየት እንደሚመጣ፣ የኤዲቶሪያል ፖሊሲያቸው ምን እንደሚል ለእሱ ያሳውቃሉ። ያስተላለፉትን ቀድተው ማቆየትና ሲጠየቁ ማቅረብም በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግዴታ ነው።

ችግሩ የመንገዱ አቅጣጫ ነው። ወረቀቱ ከጣቢያ ወደ ባለሥልጣን ይሄዳል። ቅጂውም ከጣቢያ ወደ ባለሥልጣን ይሄዳል። አድማጩ አቤቱታ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል። መዝገቡን ራሱ ገልጦ የሚያይበት በር አልተለመደም።

ሕገ መንግሥቱን ያነበበ ሰው ይህ እንደማይበቃ ይገባዋል። አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ጥሩ ትእዛዝ ነው። ግን አንድ የጅማ ነዋሪ ይህ መፈጸሙን በምን ያውቃል? ባለፉት ሦስት ወራት ስለ ከተማው ውሃ ስንት ፕሮግራም ተሠራ? ማን ተጋበዘ? ማን ሳይጋበዝ ቀረ? ይህን ለመመለስ ሦስት ወር ሙሉ ሬዲዮ ሥር መቀመጥ የለበትም። ዝርዝሩ ተጽፎ ሊያገኘው ይገባል።

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል፤ ታሪኩ ስለ ወረቀት ሳይሆን ስለ ሰዎች ነው። አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ጃክሰን ከተማ። ደብሊው ኤል ቢ ቲ የሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር። ጣቢያው ከሚደርስበት አካባቢ ነዋሪ ከመቶ 45ቱ ጥቁር ነበር። ጣቢያው ግን የዘር መድልዎ ደጋፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ኔትወርኩ ከኒውዮርክ የጥቁሮቹን ጠበቃ ተርጉድ ማርሻልን ሲያቀርብ፣ ጃክሰን ላይ ስክሪኑ "ይቅርታ፣ የኬብል ችግር ገጥሞናል" የሚል ጽሑፍ አወጣ። ኬብሉ ምንም አልሆነም ነበር።

ጥቁሮቹ ለዓመታት ቅሬታ አቀረቡ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ማስረጃችሁ የታል?" አየር ላይ ወጥቶ የጠፋን ነገር እንዴት ያስረዱታል? በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1964 የተባበረው የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የመገናኛ ክፍል ኃላፊ ኤቨረት ፓርከር አንድ ዘዴ አመጣ። በጎ ፈቃደኞች ተሰበሰቡ። ለአንድ ሳምንት ሙሉ ጣቢያው ያስተላለፈውን በድብቅ ተከታትለው መዘገቡ። በዚያ መዝገብ የጣቢያው ፈቃድ እንዳይታደስ አቤቱታ ገባ። ተቆጣጣሪው ኮሚሽን "ተመልካች ተከራካሪ መሆን አይችልም" አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በ1966 ተመልካቹ በፈቃድ ጉዳይ የመከራከር መብት አለው ሲል ወሰነ። በ1969 ደግሞ የጣቢያው ፈቃድ መታደስ እንዲሻር አዘዘ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው። ሰዎቹ የተሸነፉት ልክ ስላልነበሩ አልነበረም፤ መዝገብ ስላልነበራቸው ነው። መዝገብ ሲይዙ አሸነፉ። ግን ለምን ተደብቀው መቅዳት ነበረባቸው? ጣቢያው ራሱ መዝግቦ ማሳየት ነበረበት።

በዚያው ሰሞን፣ በ1965፣ አሜሪካ ውስጥ ጣቢያዎች ለሕዝብ ክፍት የሆነ ፋይል እንዲይዙ ግዴታ መጣ። ማንም ሰው በሥራ ሰዓት ገብቶ ያይ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ፈቃዱ አለ፣ ባለቤቶቹ አሉ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ጣቢያው አንድ ዝርዝር ያስገባል፦ የአካባቢዬ ሕዝብ ዋና ዋና ጉዳዮች እነዚህ ናቸው፣ ስለነሱ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ለዚህን ያህል ደቂቃ ይህን ፕሮግራም ሠርቻለሁ የሚል። የፖለቲካ ፋይልም አለ። የትኛው ተወዳዳሪ ሰዓት ጠየቀ፣ ተሰጠው ወይስ ተከለከለ፣ ስንት ከፈለ፣ ማስታወቂያውን የገዛው ማን ነው የሚለው ይሰፍርበታል። ይህ ለ2 ዓመት ይቆያል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የቴሌቪዥኖቹ፣ እስከ 2018 ድረስ ደግሞ የሬዲዮኖቹ ፋይል ወደ ኢንተርኔት ገብቷል። አሁን ጅማ ተቀምጦ የጃክሰንን ጣቢያ ፋይል ማየት ይቻላል። የጅማን ጣቢያ ፋይል ግን ጅማ ተቀምጦ ማየት አይቻልም።

ሁሉም ነገራቸው የተሟላ ነው ማለቴ አይደለም። አሜሪካኖቹ ድምፁን ራሱን ቀድቶ የማቆየት አጠቃላይ ግዴታ የላቸውም። ለንግድ ባልቆሙ ጣቢያዎች ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ ተጥሎ ነበር፤ ፍርድ ቤት በ1978 አነሣው። ፍርሃቱ የቅጂ ግዴታ የመንግሥት ጫና መሣሪያ ይሆናል የሚል ነበር። እንግሊዝ በሌላ መንገድ ሄደች። እዚያ ሬዲዮ ያስተላለፈውን ለ42 ቀን፣ ቴሌቪዥን ለ60 ቀን ያቆያል። ካናዳ ውስጥ 4 ሳምንት ነው፤ አቤቱታ ከመጣ 8 ሳምንት ይሆናል። የካናዳው አሠራር ደስ ይለኛል። ሁሉንም ለዘላለም አቆዩ አይልም። ሰው ከተናገረበት ግን አታጥፉ ይላል። የእኛ ባለሱቅ የሚያስፈልገው ይህቺው ናት።

ቅጂ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት ወደ ሩዋንዳ መሄድ ነው። አር ቲ ኤል ኤም የሚባለው ሬዲዮ ከሐምሌ 1993 እስከ ሐምሌ 1994 እ.ኤ.አ. ሲያስተላልፍ ሰው ሲያስገድል ነበር። በኋላ አሩሻ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የጣቢያውን መሥራቾች ሲዳኝ ችሎቱ የሰማው የካሴት ቅጂዎችን ነው። ፍርዱ በታኅሣሥ 2003 እ.ኤ.አ. ተሰጠ። ካሴቶቹ ባይኖሩ ኖሮ "እንዲህ አላልንም" የሚለውን ክርክር መርታት እጅግ ከባድ ይሆን ነበር። ይህ የመጨረሻው ጥግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የጅማ ጣቢያዎችን ከዚያ ጋር ማነጻጸሬም አይደለም። ግን ቅጂ በዳዩን እንደሚያስይዝ ሁሉ ንጹሑን ያድናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 አለ። አንድ ጋዜጠኛ "በሬዲዮ ጥላቻ ሰብከሃል" ቢባል ምን ይዞ ነው የሚከራከረው? በፌስቡክ የሚዞረው ተቆርጦ የወጣ 40 ሰከንድ ነው። ሙሉው አንድ ሰዓት ከሌለ፣ ተቆርጦ የወጣው እውነት ሆኖ ይቀራል። መዝገብ ከማንም በፊት የሚጠቅመው ጋዜጠኛውን ራሱን ነው።

ስለ ገንዘቡም ላንሣ፤ ሰው የማያወራው እሱን ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ውስጥ ብዙ ፕሮግራም የሚሠራው በተባባሪ አዘጋጅ ነው። ተባባሪ አዘጋጁ ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ስፖንሰር ያፈላልጋል፣ ፕሮግራሙን ራሱ ያቀርባል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሰዓት ይገዛሉ። "ከእገሌ ጽሕፈት ቤት ጋር በመተባበር የቀረበ" ሲባል ሰምታችኋል። ነውር የለውም፤ ጣቢያ በአየር አይኖርም። ግን አድማጩ የሚሰማው ያልተከፈለበት ዘገባ ይሁን የተከፈለበት፣ በአንድ ፈጣን ዓረፍተ ነገር ካልሆነ በቀር አይለይም። ሬዲዮውን ዘግይቶ የከፈተ ሰው ያቺንም አይሰማትም። ጣቢያው በየወሩ "እነዚህ ሰዓቶች ተሽጠዋል፣ የገዙት እነዚህ ናቸው" የሚል አንድ ገጽ ቢለጥፍ ምን ይጎድልበታል? የአንድ ከተማ ጽዳት ዘመቻ በሬዲዮ ሲሞገስ የከፈለው ያው የሚሞገሰው መሥሪያ ቤት መሆኑን ማወቅ የግብር ከፋዩ መብት ነው። ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይጠናል። በ2013ቱ ምርጫ ለፓርቲዎች ነፃ የአየር ሰዓት ተደልድሎ ነበር። ድልድሉ አንድ ነገር ነው። በተግባር ማን ስንት ደቂቃ ተናገረ የሚለውን የሚመልሰው ግን የየጣቢያው የስርጭት መዝገብ ብቻ ነው።

"አቅም የለንም" የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። ቴሌቪዥን ላይ እውነት አለው፤ ምስል ብዙ ቦታ ይበላል። ሬዲዮ ላይ ግን ሒሳቡን እንሥራው። ለንግግር በሚበቃ ጥራት፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢቀዳ፣ አንድ ሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ነው። ቀኑን ሌሊቱን ሙሉ 700 ሜጋባይት አይሞላም። 30 ቀን ወደ 21 ጊጋባይት ነው። ይህ አንድ ፍላሽ ላይ ይገባል። የአንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ወደ 4 ዓመት የሚጠጋ ስርጭት ይይዛል፤ ያውም ጣቢያው 24 ሰዓት የሚያስተላልፍ ከሆነ። ለዚህ የሚሆን ነፃ ሶፍትዌርም ሞልቷል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቸግሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አንዱ፣ ከስቱዲዮው ሚክሰር መቅዳት ብቻውን አይበቃም። ሚክሰሩ የሚያሳየው ከስቱዲዮ የወጣውን ነው፤ አድማጭ ጋ የደረሰውን አይደለም። አንዲት ትንሽ ሬዲዮ በጣቢያው ሞገድ ላይ አስተካክሎ ከእሷ መቅዳት ይሻላል። ማሰራጫው ጠፍቶ ከነበረ ቅጂው ላይ ዝምታው ይታያል። ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ስቱዲዮውን ያስነሣል፤ የሚቀዳው ኮምፒውተር ግን ጠፍቶ ይቀራል፣ ማንም አያስታውሰውም። ሲበራ ራሱ መቅዳት እንዲጀምር ተደርጎ መስተካከል አለበት። ሦስተኛው ሰዓት ነው። አዘጋጁ "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ይላል፤ ኮምፒውተሩ 8 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። አድማጩ "መስከረም 5" ይላል፤ ፋይሉ 15 ሴፕቴምበር ይላል። ጽሕፈት ቤቱ የትኛውን እንደሚጠቀም አንዴ ወስኖ ግድግዳ ላይ ካልለጠፈው፣ ቅጂው እያለ "አጣነው" ይባላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። መዝገብ ለሕዝብ ይከፈት ስል ሁሉም ነገር ይከፈት ማለቴ አይደለም። በቀጥታ ስልክ የሚገባ አድማጭ አለ። ስለ ቀበሌው፣ ስለ አለቃው፣ አንዳንዴም ስለ ትዳሩ ይናገራል። አየር ላይ ያለው ንግግር ወጥቷል፤ መልሶ መስማት ይቻላል። ስልክ ቁጥሩ፣ ከአየር ውጭ ከኦፕሬተሩ ጋር ያወራው፣ አድራሻው ግን የሕዝብ መዝገብ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ይህን ይጠብቃል። የጋዜጠኛው ምንጮችና ያልተላለፈ ጥሬ ቅጂም እንዲሁ ዝግ መሆን አለባቸው። የተላለፈው ለሁሉም፣ ያልተላለፈው ለማንም። ይህ መስመር ካልተሰመረ ሰው ስልክ መደወል ያቆማል። የጠዋት ስልክ ፕሮግራም የሌለበት የጅማ ሬዲዮ ደግሞ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።

"ዛሬ ሁሉም ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ምን መዝገብ ያስፈልጋል" የሚሉም አሉ። አልስማማም። ጣቢያ ዩቲዩብ ላይ የሚጭነው መርጦ ነው። ጥሩ የሠራውን፣ ብዙ ሰው ያየለታል ያለውን ይጭናል። አወዛጋቢው ክፍል ቅሬታ ሲመጣ በአንድ ጣት ይጠፋል። መዝገብ ከማስታወቂያ የሚለየው ባለቤቱ ደስ ያላለውንም ይዞ መቆየቱ ነው።

ለታሪክም ቢሆን ጥቅሙ ትልቅ ነው። ስለ አባ ጅፋር ዘመን ከአያቶቻቸው የሰሙትን የሚያወሩ ሽማግሌዎች በየጊዜው በሬዲዮ ይቀርባሉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ያንን ዘመን በአንደበቱ የሚተርክ ሰው ነገ አይኖርም። በወር አንድ ጊዜ ዲስኩ ሲሞላ በላዩ ላይ እየተቀዳ የሚጠፋው ድምፅ ውስጥ እነሱም አሉ። ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አለው፣ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች አሉት። ለይቶ የማስቀመጡን ሥራ ለእነሱ መስጠት ይቻላል።

ጣቢያዎቹ ከየት ይጀምሩ? እኔ ብጠየቅ ከየሦስት ወሩ ዝርዝር እላለሁ። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ ሁለት ሦስት ገጽ ይበቃል፤ ጣቢያው በር ላይና በቴሌግራም ገጹ ይለጠፍ። ቀጥሎ የተሸጡ ሰዓቶች ዝርዝር። ከዚያ ድምፁ፦ ስሙ የተነሣ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ከጠየቀ ያቺን ክፍል ይስማ፣ በፍላሽም ይውሰድ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅም አይጥፋ። ማኅበረሰብ ሬዲዮ በዚህ ቢቀድም ደስ ይለኛል። የማኅበረሰቡ ነኝ ብሎ ነው ፈቃድ የወሰደው።

አድማጩም ዛሬውኑ ሊጠይቅ ይችላል። በመንግሥት የተያዘ ወይም በዋናነት በመንግሥት በጀት የሚሠራ ጣቢያ ከሆነ፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 የመረጃ ነፃነት ክፍል ያግዘዋል። ጥያቄው በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነቱ ይገባል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። ካልመጣ በይግባኝ እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይቻላል። የግል ጣቢያ ከሆነ ጥያቄው ለሥራ አስኪያጁ ይጻፋል፣ ግልባጩ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን። ደብዳቤው ላይ የፕሮግራሙ ስም፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ከተቻለ ከነደቂቃው ይግባ። "ይህ ክፍል እንዳይጠፋ እጠይቃለሁ" የሚለው ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ይምጣ። ቅጂውን መዝገብ ቤት አስገብቶ ማህተም ያስመታበት። ይህን ሁሉ በዚያው ሳምንት ያድርገው፤ ዲስኩ መቼ እንደሚሞላ የሚያውቀው ጣቢያው ብቻ ነው።